የጨንቻ መንገድና ትንሿ ሞተር

በሕይወቴ ከገዛሁትና ከሸጥኩት ነገር ሁሉ፣ ምንም ሳላተርፍባት ስሳሳላት የኖርኩት አንዲት መኪና ናት። መኪና ስላት የሚስቁም ነበሩ። ሁለት መቀመጫ፣ የሸራ ጣራ፣ ከጉልበት ብዙ የማያልፍ በር፣ ከኋላዋ ደግሞ አንድ እስር ጋቢ ካስገባህበት ሌላ የማይቀበል የዕቃ ቦታ። ጣሊያን ሠራሽ ስፖርት መኪና ነበረች። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ዳር ቆማ ስትታይ ከጭነት መኪናዎቹ አንዱ የወለዳት ትመስል ነበር።

ያገኘኋት ከአንድ የውጭ አገር መንገድ ሠሪ ነው። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሰውዬው ኮንትራቱ አልቆ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ገዢ ፈልጎ አጣ። ማን ይገዛታል? ሙዝ አትጭን፣ ቤተሰብ አትጭን። ገንዘብ ያለውም ሰው ያን ጊዜ ገንዘብ እንዳለው እንዲታወቅበት አይፈልግም። እኔ የሄድኩት በመጨረሻው ቀን ነው። ነጋዴ በመጨረሻው ቀን ነው የሚሄደው። አምስት የዶርዜ ጋቢና አንድ የቆዳ ሻንጣ ሰጠሁት፣ ቁልፉን ሰጠኝ። ጋቢዎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ፊቱ ሲበራ አይቼ፣ በአራት ይስማማ ነበር ብዬ ቆጨኝ።

ቀበሌ ላስመዘግባት ስሄድ ጸሐፊው ከቢሮው ወጥቶ ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞራት።

«ይኼ መኪና ነው ወይስ ሞተር ሳይክል?» አለኝ።

«ጎማዋን ቁጠር፣ ጓድ።»

«ቆጥሬያለሁ። አራት ነው። ግን አላመንኩትም።»

ሳቀና መዘገባት። ሌላ መኪና ብይዝ ኖሮ ቡርዥዋ ብለው የሚጠሩኝ ሰዎች፣ እሷ ላይ ሲያዩኝ ስቀው አለፉኝ። ከሚያስቀና ንብረት የሚያስቅ ንብረት እንደሚሻል የገባኝ ያኔ ነው።

መንዳት እችል ነበር፤ ማለቴ የጭነት መኪና። እሷን መንዳት ያስተማረኝ ግን አንድ መካኒክ ነው። አስመራ ጣሊያኖች ጋራዥ ውስጥ ያደገ፣ ለሦስት ወር ሥራ ብሎ አርባ ምንጭ መጥቶ እዚያው የቀረ፣ ከእኔ አሥራ አምስት ዓመት ያህል የሚበልጥ ሰው። ጋሼ እለው ነበር። እሱ ደግሞ ስሜን እያወቀ «ነጋዴው» ይለኛል። የመጀመሪያው ቀን አጠገቤ ተቀምጦ እጄን ሲያይ ቆየና፣

«መሪ ነው የያዝከው ወይስ በሬ?» አለኝ።

«እንዴት ልያዘው ታዲያ?»

«ሚዛን ላይ ጣትህን እንደምታሳርፈው። ማንም ሳያይህ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ሚዛን ላይ ጣት አላሳርፍም።»

«እሺ። እንደሚያሳርፉት ሰዎች አድርገህ ያዘው።»

ያዝኩት። እውነቱን ለመናገር ቶሎ ገባኝ።

ሥራዬ ከዶርዜና ከጨንቻ ሸማኔዎች ጋር ነበር። ድርና ማግ፣ ጨው፣ ሳሙና ወደ ላይ እልካለሁ፤ ጋቢና ቡልኮ ወደ ታች አወርዳለሁ። ዋናው ዕቃ በጭነት መኪና ነው የሚሄደው። እኔ ግን ትእዛዝ ልቀበል፣ ጥራት ልይ እያልኩ በየሳምንቱ በእሷ እወጣ ነበር። የጨንቻን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ወደ ምዕራብ ዓባያ ከሚወስደው ሜዳ ወደ ግራ ትገነጠልና ወዲያው ተራራው ይጀምርሃል። ሙቀቱና የሙዙ ሽታ ከታች ይቀራል። ኩርባ በኩርባ እየተጠመዘዝክ ስትወጣ ሁለቱ ሐይቆች አንዴ በቀኝህ አንዴ ከኋላህ ይታዩሃል፣ ዓባያ እንደ ሻይ ቀልቶ፣ ጫሞ ሰማይ መስሎ። ዶርዜ ስትደርስ ቀርከሃና እንሰት ነው፣ ጉም ነው፣ የሸራውን ጣራ መሳብ ነው።

የእሷ ሞተር ሺህ ሲሲ እንኳ አይሞላም። እስከ ወለሉ ረግጬ የቻለችውን ሁሉ ብትሰጠኝ፣ ዳገቱ ላይ በቅሎ የተቀመጠ ሰው ሰላም ብሎኝ፣ ስለ ቤተሰቤ ጠይቆኝ ነው የሚቀረው። ነገር ግን ያቺን ትንሽ ጉልበት ሙሉ በሙሉ እጠቀምባት ነበር። ኩርባው ሳይደርስ ማርሽ ትቀንሳለህ። ፍሬን አብዝተህ ፍጥነቷን ከገደልከው፣ ወጥተህ የምትመልስበት ጉልበት ስለሌላት እስከሚቀጥለው ኩርባ ታለቅሳለች። በልኩ ከገባህ ግን አፍንጫዋ ወዳየህበት ይዞራል፣ ወንበሩ ጎንህን ያዝ ያደርግሃል፣ ጠጠሩ ከጎማው ሥር ሲንሸራተት በመሪው ወደ መዳፍህ ይመጣል፣ ሞተሯም ድምጿን ከፍ አድርጋ ትወጣለች። አንዱን ኩርባ በትክክል ከወጣሁ ብቻዬን እስቃለሁ። ካበላሸሁት ደግሞ «በሚመጣው ሳምንት እንገናኛለን» እለዋለሁ፣ ኩርባውን። ዶርዜ ስደርስ ምን ልገዛ እንደመጣሁ የምረሳበት ቀን ብዙ ነበር።

እንዲህ ሁለት ዓመት ያህል ኖርን። ከዚያ አውቶቡሱ ቀደመን።

የገበያ ቀን ነው። ከምዕራብ ዓባያ በሜዳው ላይ እየተመለስኩ ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ ኮረኮንች ስለነበር ጉድጓድ እየመረጥኩ እሄዳለሁ። ከሶዶ የሚመጣው አውቶቡስ ከኋላዬ ጡሩንባውን ነፋ። ጠርዝ ይዤ አሳለፍኩት። የጎዳኝ መቅደሙ አልነበረም፤ ቀስ ብሎ መቅደሙ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ቁልቁል አየኝ፣ ግማሹ ደንበኛዬ ነው። አንዲት ቅቤ ነጋዴ፣

«ና ግባ፣ እዚህ ቦታ አለ» አለችኝ።

«መኪናይቱንስ?» አላት አጠገቧ የተቀመጠው።

«ከዶሮዎቹ ጋር ላይ እንጫናት።»

ሲቀላ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፣ በዚያው አውቶቡስ። ጨው የሚሸጠው ጎረቤቴ፣ «አቧራው ውስጥ ጠፋችብህ አሉ፣ አገኘሃት?» አለኝ። ሌላው ጥርስ አብቅላ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሲቀልዱብኝ የማልናደድ ሰው ነኝ፤ ቀልድ ደንበኛ ያመጣል። ይኼኛው ግን ልቤ ድረስ ገባ። ዕድሜ ልኬን ከሌላው ነጋዴ ቀድሜ በመድረስ የኖርኩ ሰው፣ ዶሮ በጫነ አውቶቡስ ተቀደምኩ። በማግስቱ መካኒኩ ዘንድ ሄድኩ።

«ትልቅ ሞተር አስገባላት።»

«የቀደመህ ሞተሩ አይደለም፣ ጎማው ነው። የአውቶቡስ ጎማ ኮረኮንቹ አይሰማውም» አለኝ።

«ይገባባታል ወይስ አይገባባትም?»

«ይገባል። በቅሎም ሳሎንህ ውስጥ ይገባል።»

አልሰማሁትም። በጆንያ ማሰብ የለመደ ጭንቅላት አለኝ፤ ሁለት ጆንያ ከአንድ ይበልጣል፣ አለቀ። በዚያ ላይ አጋጣሚው የተዘጋጀልኝ መሰለኝ። ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚያለሙ ገበሬዎች ከተገለበጠ ፒክአፕ የተረፈ ትልቅ ሞተር አግኝተው ውሃ ይስቡበት ነበር። ውሃውን ይስባል፤ ቤንዚኑንም ይስባል። ቤንዚን ደግሞ በኩፖን ነው። ስለዚህ ትንሿን ሞተር እኔ ልሰጣቸው፣ ትልቁን እነሱ ሊሰጡኝ፣ መካኒኩ ሊያዛውር ተስማማን። ሁለታችንም ወገን ሌላውን ያታለልን መስሎን ተለያየን። ከዚህ የተሻለ ንግድ የለም።

መካኒኩ ኮፈኗን ቆርጦ፣ ሞተሩ የሚቀመጥበትን ሱፖርቶ በይዶ ቀጥሎ፣ በፓራንኮ ሰንሰለት አንጠልጥሎ አስገባው። ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «በል፣ አውቶቡስህን ፈልግ» አለኝ።

ፈለግሁ። አገኘሁት። ቀደምኩት። ቅቤ ነጋዴዋ ተሳፍራ እንደሆነ ለማየት ዞሬ ነበር፤ አልነበረችም። ደስታው እስከ ጨንቻ መገንጠያ ድረስ ቆየ፣ ይኸውም ሩብ ሰዓት ያህል ይሆናል።

የመጀመሪያው ኩርባ ላይ መሪውን አዞርኩ፣ እሷ ግን ቀጥ ብላ ሄደች። ፍሬን ያዝኩ፣ አፍንጫዋን ገደሉ ላይ አድርጋ ቆመች። ወደ ኋላ አልኩ፣ እንደገና አዞርኩ፣ እንደገና። እንደ ጭነት መኪና ሦስቴ ተመላልሼ አለፍኩት። ሁለተኛውም እንደዚያው። ቀጥ ባለው ቦታ ነዳጅ ስሰጣት ተወርውራ ትሄዳለች፣ ግን ቀጥ ያለው ቦታ አንድ ጊዜ ለማስነጠስ አይበቃም፤ ወዲያው ኩርባ ነው፣ ወዲያው ፍሬን ነው። ጠጠሩ መዳፌ ላይ አይመጣም። መሪው ደንቁሯል። ያን ሁሉ ጉልበት ይዤ የት እንደማስቀምጠው አላውቅም። ዶርዜ ስደርስ ጀርባዬ በላብ ርሷል፣ እዚያ ብርድ ላይ።

ወር፣ ሁለት ወር እንዲህ ሄድኩ። አፌ ግን «ፈጣን ናት» ይላል። በራሴ ዕቃ ላይ ክፉ መናገር አልለመደብኝም። ያወቀችብኝ ባለቤቴ ናት። አንድ ቀን ከጨንቻ ስመለስ ያመጣሁትን አየችና፣

«ድሮ ከዚያ ስትመለስ ግማሹን ረስተህ ነበር የምትመጣው። አሁን ሁሉንም አሟልተህ ትመጣለህ። አመመህ እንዴ?» አለችኝ።

ቆም ብዬ ሳስበው አሞኛል።

መካኒኩ ትንሿ ሞተር እንድትመለስ እንደምፈልግ ስነግረው አልሳቀም። ይኼ የበለጠ አሳፈረኝ። «እኔ ልመልሳት እችላለሁ። ባለቤቶቿን ጠይቅ» ብቻ አለኝ።

በእግሬ ወደ ኩልፎ ወረድኩ። በጋ ነው፣ መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ሞተሯን የሚጠብቋት አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ፤ ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ እሑድንም ሙዛቸው ውስጥ የሚያሳልፉ፣ ረጋ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። አማርኛን በጋሞኛ ዜማ ነው የሚናገሩት። ትንሿ ሞተር የሙዝ ቅጠል ዳስ ተሠርቶላት፣ ቺንጋዋ፣ ያ የጎማ ቀበቶ፣ በፓምፑ ዞሮ፣ በደንብ ተወልውላ ትሠራለች። ድምጿን ከሩቅ ነው የለየሁት። ዳገት የሌለበት ቦታ የዳገት ድምጿን ስታሰማ አንጀቴን በላችኝ። ከእሷ የሚወጣው ውሃ በቦይ ሄዶ የአሥራ ሁለት አባወራ ሙዝ ያጠጣል።

«ጥሩ ነች» አሉኝ አዛውንቱ። «ትንሽ ትጠጣለች፣ ብዙ ትሠራለች። አታኮርፍም። እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ልጄ።»

ከዚህ በኋላ መልሱልኝ ማለት እንዴት እንደሚከብድ ገምቱ። አልኩ።

ከሞተሯ ወደ እኔ ዞሩ። «የእኛ ሞተር ተበላሸ?»

«የለም አባቴ፣ ደህና ነው። ብርቱ ነው።»

«ብርቱውን ይዘህ ደካማውን ትፈልጋለህ?»

አርባ ዓይነት ዕቃ ለመሸጥ አፌ ይፈታል፤ ይኼንን ግን ማስረዳት አቃተኝ። በመጨረሻ «ነገ ይምጡና ላሳይዎ» አልኳቸው። በማግስቱ ጠዋት አጠገቤ ተቀመጡ፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው። ሦስት ኩርባ ወጣን። ሦስቱንም ስመላለስ፣ ስፈራ፣ ስሳደብ አዩ። አራተኛው ላይ «አቁም» አሉና ወርደው ከፊት ቆሙ፣ ከዚያ ከጎን። አጎንብሰው የፊት ጎማውን አዩ፣ የኋላውን አዩ።

«ጭነቱ በሙሉ አንገቷ ላይ ነው» አሉኝ። «አህያ እንዲህ ብትጭን አትዞርም። ትወድቃለች።»

መካኒኩ በሁለት ወር ያልነገረኝን፣ ወይም ነግሮኝ ያልሰማሁትን፣ እሳቸው በአራት ኩርባ ተረዱት። ደስ ብሎኝ አለቀ ብዬ ነበር።

«ገባኝ» አሉ ተመልሰው እየተቀመጡ። «ግን በጋ ነው። ሙዝ ደግሞ የአሥራ ሁለት ሰው ነው። እኔ አዎ ብል የእኔ ብቻ ነው አዎው። ሰዎቹን ጠይቅ።»

በወረቀት ላይ የሚወስነው የገበሬ ማኅበሩ ነበር። በእውነቱ ግን ነገሩ የሚያልቀው ወንዙ አጠገብ ካለው ትልቅ ሾላ ሥር ነው፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ተራ በተራ በሚናገሩበት። እኔ ከተማ ያደግሁ ነኝ፣ ወላጆቼም ከሌላ አገር የመጡ። የጋሞን ወግ የማውቀው ከገበያ ወሬ ነው። ሽማግሌ ፊት ለምለም ሣር ይዞ የቀረበ ሰው ሳይሰማ አይመለስም ሲባል ሰምቻለሁ። በጣም ጥሩ ነው አልኩ በልቤ፤ እንደ ነጋዴ ነው ያሰብኩት፣ በር የሚያስከፍት ዕቃ። ወንዝ ዳር ለምለሙን መርጬ አንድ ሙሉ እፍኝ ሣር አጨድኩና በሁለት እጄ ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ ወደ ሾላው ሄድኩ።

ንግግር ቆመ። ከተቀመጡት ሁለቱ ብድግ አሉ። አንዱ ሽማግሌ ፊቱ ተለዋውጦ፣

«ማነው የሞተው?» አለኝ።

«ማንም አልሞተም።»

«ሰው አቆሰልክ?»

«የለም፣ አባቴ።»

«ቤት አቃጠልክ?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ታዲያ ይኼ ሣር ምንድነው?»

«ሞተር ልጠይቅ ነው» አልኩ።

ሣሩ ደም ለማድረቅ፣ የተጣላ ለማስታረቅ የሚያዝ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። አዛውንቱ ገበሬ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ከጫፍ አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለው፣ ሾላው ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ። ብድግ ያሉት ሁለቱም እየሳቁ ተቀመጡ። ሳቁ ሲበርድ ያ ሽማግሌ ዓይኑን አበሰ።

«በስሕተትም ቢሆን ሣር ሣር ነው» አለ። «ከያዝከው እንሰማሃለን። ተቀመጥ።»

አዛውንቱ አጭር ጸሎት አደረሱ። ከዚያ ያዩትን ነገሯቸው፣ የአንገት ጭነቱን፣ የገደሉን አፍ። ሲጨርሱ አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ወደ እኔ ዞረ። የእሱ ሙዝ ቦዩ መጨረሻ ላይ እንደሆነ፣ ውሃ ሲያንስ መጀመሪያ የሚደርቀው የእሱ እንደሆነ ኋላ ነገሩኝ።

«ትንሿ ስትመለስልህ ካሁኑ ትፈጥናለህ?» አለኝ።

«የለም። እዘገያለሁ።»

«ዕቃ ይበልጥ ትጭናለህ?»

«የለም።»

«ምን ታገኛለህ ታዲያ? ትልቁ ቤንዚናችንን ከጨረሰው የእኔ ሙዝ ይደርቃል፤ ይኼ እንዲሆን የምትፈልግበትን ነገር ንገረኝ።»

እዚያ ላይ ነው የነጋዴ ምላሴ የከዳኝ። ሣሩን እስካሁን አልጣልኩትም፣ ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ። እንዲህ አልኩ፣ ቃል በቃል ባይሆንም፦

«ከሸማኔ ቶሎ የሚጨርሰውንም አይቻለሁ፣ እጁ የሚያውቀውንም አይቻለሁ። ሁለቱንም እገዛለሁ። ግን ቁጭ ብዬ የማየው ሁለተኛውን ነው። በትንሿ ሞተር ስወጣ እኔ ነኝ የምነዳው፤ እያንዳንዱ ኩርባ ይጠይቀኛል፣ እመልሳለሁ። በትልቁ ስወጣ እሱ ይወስደኛል፣ እኔ እፈራለሁ። ቶሎ ብደርስ እዚያ የሚጠብቀኝ ጋቢ ነው፤ ጋቢ ደግሞ አይሸሽም። ደስ የሚለኝ መንገዱ ላይ ነበር። ሌላ የማገኘው ነገር የለም። ሙዝህ እንዲደርቅም አልፈልግም።»

ሰውዬው፣ «ለደስታ ነው በለኛ» አለ።

«ለደስታ ነው።»

«ይኼን ማለት ነበረብህ መጀመሪያ። እኛ ልትሸጣት መስሎን ነበር።»

በጋሞኛ ብዙ ተነጋገሩ። እኔ ፊታቸውን እያየሁ ልገምት ሞከርኩ፤ ገበያ ውስጥ የሚሠራልኝ ዘዴ እዚያ አልሠራም። በመጨረሻ አዛውንቱ ውሳኔውን ነገሩኝ። ሞተሯን ውሰድ። ትልቁ ይመለስ። መለዋወጡ በአንድ ቀን ይለቅ፣ ቦዩ ከአንድ ቀን በላይ አይደርቅም። ትልቁ ከትንሿ አብልጦ የሚጠጣውን ቤንዚን ደግሞ በልግ እስኪዘንብ አንተ ትሞላለህ።

ሒሳቡን ለመሥራት ጣት አላስፈለገኝም። ለእሷ የሚሰጠኝ የወር ኩፖን ከሞላ ጎደል እዚያው ሊያልቅ ነው። መኪናዋን አገኛለሁ፣ የምነዳበት ቤንዚን ግን አይኖረኝም። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ውል ሌላ ሰው ሲፈርም ባይ፣ ምስኪን እለው ነበር።

«እሺ» አልኩ።

መካኒኩ ሌሊት ሳይነጋ ጀምሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረሰ። ትልቁ ሞተር ኩልፎ ላይ ሲነሣ ውሃው ከቱቦው እንደ ክንድ ወፍሮ ወጣ፣ ቦዩ መጨረሻ ድረስ ሮጠ። ለእሱ ሥራው ይኼ ነው፤ አንድ ቦታ ቆሞ መግፋት። ማንም ሊያዞረው አይፈልግም። ትንሿም ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ቁልፉን ሳዞር ቀስ ብላ ሳል አለችና ተነሣች። አምስት ደቂቃ ሰማኋትና አጠፋኋት፤ ቤንዚን ነው።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ጀሪካን ተሸክሜ ወደ ኩልፎ መውረድ ሥራዬ ሆነ። ኩፖን ለሌላ ማስተላለፍ ክልክል ነበር፤ ስለዚህ ኩፖኑን እኔ እጠቀምና ቤንዚኑ ነው የሚሄደው። ጨንቻ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ እየተሳፈርኩ እወጣ ነበር፣ ሾፌሩ ኩርባዎቹን ሲያበላሻቸው እግሬ ባዶ ወለል እየረገጠ። ቤቴ በራፍ ላይ ቆማ የሚያዩዋት ሰዎች፣ «ተበላሸችብህ?» ይሉኛል። «ጾም ላይ ናት» እላለሁ። አንዳንድ ማታ በሯን ከፍቼ እቀመጥና ማርሹን አስገባለሁ፣ አወጣለሁ። ባለቤቴ ሻይ ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች አንድ ቀን። «የት ደረስን?» አለችኝ። «ስድስተኛው ኩርባ» አልኳት። ሻዩን ሰጠችኝና እሷም ወደ ፊት አየች።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ዘነበ፤ ደህና አድርጎ። በሦስተኛው ቀን አዛውንቱ ገበሬ ባርኔጣቸው እየተንጠባጠበ ቤቴ መጡ። ከጋቢያቸው ሥር አንድ ጀሪካን አወጡ፣ ከወገቡ በታች የደረሰ ቤንዚን።

«ሞተሩ ቆመ። ይኼ ተረፈ» አሉኝ። «ሰዎቹ የእሱ ነው መልስለት አሉ። የቦዩ መጨረሻ ሰውዬ ነው መጀመሪያ ያለው።»

መካኒኩ ዘንድ ይዘነው ስንሄድ ጀሪካኑን አንሥቶ ነቀነቀውና፣ «ዶርዜ ያወጣሃል። አያወርድህም» አለኝ። ከዚያ ራሱን አከከ። «ቁልቁለት ለመውረድ ግን ቤንዚን ማን ይፈልጋል? ፍሬኗን ትናንት ነው ያየሁት። ቁልፉን ዝጋና፣ ቁልቁለቱ ጠበቅ ሲል ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ አስገባት፣ ራሷ ትይዝሃለች።»

አዛውንቱ ዶርዜ እህታቸውን ሊጠይቁ ፈለጉ፤ አብረን ወጣን። ዝናቡ አቧራውን አጥቦት መንገዱ ጥቁርና ልስልስ ነበር። ስለ መውጣቱ ብዙ አልናገርም። መሪው መዳፌ ላይ ሲናገር ሰማሁት። አንዱን ኩርባ አበላሸሁት፣ ሌላውን በትክክል ወጣሁት፣ አዛውንቱ በትራቸውን ይዘው ወደሚዞርበት ወገን አብረው ዘንበል ይላሉ። እህታቸው ቤት ቆጮ በላን። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሲገፈፍ የመንገዱ አፍ ላይ አቆምኳትና ቁልፉን ዘጋሁ። ከዚያ ማርሹን አውጥቼ ፍሬኑን ለቀቅኩ።

በራሷ ክብደት ተንቀሳቀሰች። መጀመሪያ እንደ ሰው እርምጃ፣ ከዚያ ትንሽ ፈጠን። የጎማው ድምፅ፣ የቀርከሃው ንፋስ፣ ሌላ ምንም። ሴቶች ቀርከሃ ተሸክመው ሲወጡ ከሩቅ ሲያወሩ ይሰማል። ኩርባው ሲመጣ በጣቴ ብቻ አዞርኳት፣ ዞረች። ጠጠሩን፣ እርጥቡን አፈር፣ የዛፍ ሥር ያበጠውን ቦታ ሁሉ በመሪው ቆጠርኩት። ጠበቅ ሲል መካኒኩ እንዳለኝ ማርሽ ውስጥ አስገባታለሁ፣ ቀለል ሲል አወጣታለሁ። አውቶቡስ ቀርቶ በቅሎ ከኋላችን ብትመጣ ትቀድመን ነበር። ሐይቆቹ ከእግራችን ሥር ተዘርግተው፣ እኛ ወደ እነሱ እየወረድን፣ በዚያ መንገድ ላይ ከነዳሁባቸው ቀኖች ሁሉ የዚያን ቀኑ ይበልጥብኛል።

ብዙ ኩርባ ወረድን። ከዚያ አዛውንቱ ጆሯቸውን ወደ ኮፈኑ ዘንበል አደረጉ።

«ሞተሯ አልተነሣችም እንዴ?»

«አልተነሣችም፣ አባቴ።»

«መውረድ ከጀመርን ወዲህ?»

«ጭራሽ።»

«ታዲያ» አሉኝ፣ «በሰው ሁሉ ፊት ሣር ይዘህ የለመንከን ለምን ነበር?»

«ለመውጫው ነው» አልኳቸው።

ጥርሳቸው ታየ። በትራቸውን ወደ ግራ አዘነበሉ፣ የሚቀጥለው ኩርባ ወደ ግራ ነበርና፣ እኔም አብሬ አዞርኩ።